ዓለም አቀፍ ሕግ ልማር ወይስ ዓለም አቀፍ ግንኙነት? ከሰሜን ሸዋ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «በሰሜን ሸዋ ዞን በአንድ ወረዳ ዐቃቤ ሕግ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። የመጀመሪያ ዲግሪዬ በሕግ ነው። ሁለተኛ ዲግሪዬን በዓለም አቀፍ ሕግ ልያዝ ወይስ በዓለም አቀፍ ግንኙነት እያልኩ ሳወጣና ሳወርድ ከረምኩ። በሥራዬ ከዓረብ አገር የተመለሱ ልጆችንና ከቀያቸው ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን የተጠለሉ ቤተሰቦችን አገኛለሁ፤ ሁልጊዜም ‹ለእነዚህ ሰዎች ግዴታ ያለበት ማን ነው?› እያልኩ ወደ ቤቴ እገባለሁ። ባልደረቦቼ ‹ይህ የአምባሳደር ልጆች ትምህርት ነው፤ ወረዳ ተቀምጠሽ ምን ያደርግልሻል?› ይሉኛል። የትኛውን ልምረጥ? እዚህ ሆኜስ እንዴት ልዘጋጅ?»

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤዎን ሳነብ መልሱን ራስዎ መካከሉ ላይ ጽፈውት አገኘሁ። «ግዴታ ያለበት ማን ነው?» እያለ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው የሕግ ጥያቄ ይዞ ነው የገባው። የዓለም አቀፍ ግንኙነት ተማሪ በዚያው መጠለያ በር ላይ ቢቆም ቀድሞ የሚመጣለት ሌላ ነው፦ እነዚህን ሰዎች ያፈናቀለው የኃይል አሰላለፍ ከየት መጣ? ረጂዎች ወደዚህ መጥተው ወደዚያኛው ለምን አልሄዱም? መንግሥታት የገቡትን ቃል አንድ ጊዜ የሚፈጽሙት፣ ሌላ ጊዜ የሚያጥፉት ለምንድን ነው? ሁለቱም የከበሩ ጥያቄዎች ናቸው። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስዎት ግን አንዱ ነው፤ ምርጫዎ በእሱ ላይ ይቁም። የዲግሪው ስም ማማር የመመረቂያ ጽሑፍ በሚጻፍበት ወቅት ምንም አያግዝም።

ልዩነቱን ከሚኖሩበት አገር በወጣ ምሳሌ ላሳይዎት። ዓመታቱን ሰነዶቹ እንደሚጽፏቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር እሰጣለሁ፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

በ1841 ሃሪስ የተባለ በእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ጦር ውስጥ ያገለግል የነበረ ካፒቴን ከቦምቤይ ተነሥቶ፣ በታጁራ በኩል የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደ አንኮበር ወጣ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተደረገ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1843፣ ሮሼ ዴሪኩር የተባለ ፈረንሳዊ በበኩሉ ለፈረንሳይ ንጉሥ ሌላ ውል ይዞ ሄደ። የንጉሡን ቤተ መንግሥት ፍራሽ አንኮበር ኮረብታው ላይ አይተውት ይሆናል፤ ሌላው መቀመጫቸው አንጎለላም ከደብረ ብርሃን ሩቅ አይደለም። እንግዲህ ሃሪስ ያደረገውን ውል ለሁለት ተማሪዎች ይስጧቸው።

የግንኙነት ተማሪዋ መጀመሪያ ካርታ ትዘረጋለች። እንግሊዞች ኤደንን የያዙት በጥር 1839 ነው፤ የሕንድ መንገዳቸው በቀይ ባሕር በኩል እያለፈ ነው፤ ፈረንሳይ ከጎናቸው እንዳትቀመጥ ይሰጋሉ። ሣህለ ሥላሴ ደግሞ ዘመነ መሳፍንት ውስጥ ናቸው፤ ጠመንጃና የእጅ ባለሙያ ይፈልጋሉ፤ ሁለቱን ባለ ጉልበቶች ጎን ለጎን ማቆየትም ያውቁበታል። ተማሪዋ «ሁለቱ ወገኖች ከዚህ ውል ምን ፈለጉ? የተመኙት ንግድስ ለምን ሳይደራ ቀረ?» ብላ ትጽፋለች። መልሷ ጥሩ የሚሆነው ሌሎች አገሮችንም እንድንረዳ ሲያግዘን ነው፤ ትንሽ መንግሥት በሁለት ኃያላን መካከል እንዴት እንደሚያድር ሲያስተምረን።

የሕግ ተማሪዋ ካርታውን ወደ ጎን ታደርግና ወረቀቱን ታነሣለች። የሸዋው ንጉሥ ውል የመዋዋል ችሎታ ነበራቸው? በስም ደረጃ ጎንደር ላይ ንጉሠ ነገሥት ተቀምጦ የለም እንዴ? የ1969ኙ የቪየና የውሎች ሕግ ስምምነት አንቀጽ 6 ውል የመግባት ችሎታ የመንግሥታት መሆኑን ይደነግጋል፤ የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 51(8) ደግሞ ዓለም አቀፍ ስምምነት መደራደርና ማጽደቅን ለፌዴራሉ መንግሥት ይሰጣል። በእነዚህ ሚዛኖች ሸዋ ብቻዋን ልትዋዋል አትችልም። ነገር ግን የ1841ን ሥራ በዛሬ ሕግ መዳኘት ስሕተት ነው፤ የቪየናው ስምምነት ራሱ በአንቀጽ 4 ወደ ኋላ ተመልሶ እንደማይሠራ ይናገራል። ስለዚህ ተማሪዋ የዘመኑን ልማዳዊ ሕግ ፍለጋ ትወጣለች፤ እንግሊዝ ንጉሡን በምን ማዕረግ እንደጠራቻቸው፣ ማኅተሙ የማን እንደሆነ፣ ውሉ በየትኛው ቋንቋ እንደተጻፈ ታጣራለች። አንድ ወረቀት ነው፤ ሥራው ግን ሁለት ነው።

አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ የሚባል ቦታ አለ። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ለኢጣልያ የጂኦግራፊ ማኅበር ለጥናት ጣቢያ የሰጡት ነው፤ የተልእኮው መሪ አንቲኖሪ የተቀበረውም እዚያ ነው። ኋላ የውጫሌን ውል ያረቀቀውና የተደራደረው አንቶኔሊ ወደ ሸዋ የመጣው ከዚሁ ተልእኮ ጋር በተያያዘ ነበር። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመውን የዚያን ውል አንቀጽ 17 የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ተማሪ የለም፦ በአማርኛው «ይቻላቸዋል»፣ በኢጣልያንኛው ግን ንጉሠ ነገሥቱ በኢጣልያ በኩል ለመላላክ እንደተስማሙ ተደርጎ ተጻፈ። ክፍል ስገባ ግን ተማሪዎቼን የምጠይቃቸው አንቀጽ 19ን ነው። ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም እንደሚስማሙ፣ ሁለቱም የታመኑና እኩል ማስረጃ እንደሚሆኑ የሚናገረው እሱ ነው። የሕግ ባለሙያ ከዚያ ይጀምራል። ሁለቱ እኩል ከሆኑ አንዱ ብቻውን ሌላውን ሊያስገድድ አይችልም፤ ከዚያ በኋላ የቀረው በልዩነቱ ምን እናድርግ የሚለው ነው። የቪየናው ስምምነት በአንቀጽ 33 የሚመልሰው ይህንኑ ጥያቄ ነው፤ ከመቶ ዓመት በፊት ደም ያፋሰሰ ጉዳይ ዛሬ አራት ንዑስ አንቀጽ ሆኖ ተቀምጧል። የግንኙነት ምሁሩ ደግሞ ኢጣልያ አንቀጽ 17ን ይዛ በዚያው በ1889 ለአውሮፓ መንግሥታት ስታሳውቅ ማን ዝም አለ፣ ማን ካርታውን አስተካከለ፣ ለምን ብሎ ይከተላል። አድዋን ለመረዳት ሁለቱም ያስፈልጉናል።

እንግዲህ ምክሬን በግልጽ ልበል፦ ሕጉን ይያዙ። ምክንያቴ ጥያቄዎ ብቻ አይደለም። በአገራችን በሕግ ሁለተኛ ዲግሪ ለመግባት የሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠየቃል፤ ያ በር ለእርስዎ ክፍት ነው፤ የዓለም አቀፍ ግንኙነት በር ግን ከልዩ ልዩ ትምህርት ለመጡ ሰዎችም ስለሚከፈት ኋላም አያመልጥዎትም። ደግሞም የአራት ዓመት የችሎት ልምድ አለዎት። ማስረጃ መመዘን፣ ድንጋጌን ከፍሬ ነገር ጋር ማገናኘት፣ የተቃራኒን ክርክር አስቀድሞ መገመት፤ ይህ ሁሉ ወደ ሕጉ ክፍል ይዘውት የሚገቡት ስንቅ ነው። ወደ ግንኙነቱ የሄዱ የሕግ ምሩቃን የመጀመሪያው መንፈቅ ሲከብዳቸው አይቻለሁ። ሪያሊዝም፣ ሊበራሊዝም፣ ኮንስትራክቲቪዝም የሚባሉ ንድፈ ሐሳቦች ሲቀርቡላቸው «የትኛው ነው ገዢው?» ይላሉ፤ ገዢ የለም፤ የትኛው ነገሩን የበለጠ ያብራራል ነው ጥያቄው። ለዚያ አእምሮን እንደገና መግራት ያስፈልጋል፤ የጥናት ዘዴ፣ ቃለ መጠይቅ፣ አንዳንድ ጊዜም ስታቲስቲክስ አለበት።

ሕጉ ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። የሕግ ምንጮችን፣ የመንግሥታትን ኃላፊነት፣ የኃይል አጠቃቀምን፣ የሰብአዊ መብትና የጦርነት ሕግን፣ የባሕር ሕግን፣ የዓለም አቀፍ ፍርድ ቤቶችን አሠራር ይማራሉ። ሁሉም ፍርድ በማንበብ ላይ የቆመ ነው፤ ፍርዶቹም ረጃጅም ናቸው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በአንድ ፍርድ ይለማመዱ፤ የትኛው እንደሆነም ልምረጥልዎት። የአገርዎ ስም ያለበት ፋይል ነው።

ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ኅዳር 1960 ላይ ደቡብ አፍሪካን ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ዛሬ ናሚቢያ በምንላት ምድር ላይ አፓርታይድን በመዘርጋት የመንግሥታቱ ማኅበር የሰጣትን የሞግዚትነት አደራ አፍርሳለች የሚል ክስ ነበር። በ1962 ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ አለ። በሐምሌ 1966 ግን ዳኞቹ 7 ለ7 ተከፈሉ፤ የፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ ተጨመረና ከሳሾቹ በጉዳዩ የራሳቸው የሆነ ሕጋዊ መብት ወይም ጥቅም አላረጋገጡም ተብሎ ክሱ ወደቀ። ያን ቀን የአፍሪካ ተማሪዎች በዚህ ፍርድ ቤት ላይ የነበራቸው እምነት ተሰበረ። እኔም ተማሪ ሆኜ መጀመሪያ ሳነበው ተቆጥቼ መጽሐፉን ዘግቻለሁ። መምህሬ የጃፓናዊውን ዳኛ ታናካንና የአሜሪካዊውን ዳኛ ጄሰፕን የልዩነት ሐሳብ እንዳነብ አዘዙኝ፤ ያን ጊዜ የተሸነፈ ክርክር እንዴት እንደሚኖር ገባኝ። በ1970 ይኸው ፍርድ ቤት በሌላ መዝገብ መንግሥታት ለመላው ዓለም ማኅበረሰብ የሚገቡት ግዴታ እንዳለ፣ በዚያም ሁሉም ሕጋዊ ጥቅም እንዳለው ተናገረ። በ2022 ደግሞ ጋምቢያ በዘር ማጥፋት ስምምነት መሠረት ምያንማርን ለመክሰስ ትችላለች ሲል ወሰነ፤ ጋምቢያ በድርጊቱ በቀጥታ የተጎዳች አገር ሳትሆን። «ከሳሹ ማን ሊሆን ይችላል?» የሚለውን ክር ከ1966 እስከ 2022 ይከተሉት። ለዐቃቤ ሕግ ከዚህ የበለጠ ቅርብ ጉዳይ አላውቅም። ፍርዶቹ በፍርድ ቤቱ ድረ ገጽ በነጻ ይገኛሉ፤ ኔትወርክ በተገኘ ቀን አውርደው በስልክዎ ያስቀምጧቸው።

ባልደረቦችዎ «ወረዳ ተቀምጠሽ ምን ያደርግልሻል?» ያሉትን በቀላሉ ማለፍ አልፈልግም፤ ብዙ ጎበዝ ሰው ያስቀረ ንግግር ነውና። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9(4) መሠረት ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው። አንቀጽ 13 ደግሞ በየትኛውም ደረጃ ያለ የሕግ አውጪ፣ የሕግ አስፈጻሚና የዳኝነት አካል መሠረታዊ መብቶችን የማክበርና የማስከበር ግዴታ እንዳለበት ይናገራል፤ ወረዳ ከዚህ አይወጣም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠውን ውሳኔ ያስታውሱ። ወላጅ አባት ልጁን የማሳደግ መብት ሲጠይቅ፣ ችሎቱ የሕፃናት መብቶች ስምምነትን ጠቅሶ የልጁ ጥቅም ይቀድማል በማለት ልጁ ካሳደገችው አክስቱ ጋር እንዲቀር ወሰነ። ያ ስምምነት በኒው ዮርክ ተጽፎ ደርሶ የዳኘው የአንድ ልጅ ማደሪያ ነው። ከዓረብ አገር ለተመለሱት ልጆችም በሰው መነገድን የሚከላከለውን አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ዓ.ም. ሲከፍቱ በጀርባው ያለው የ2000ው የሰው መነገድን የሚመለከት የተባበሩት መንግሥታት ፕሮቶኮል ነው፤ የአዋጁን ትርጓሜዎች ከፕሮቶኮሉ ጋር ጎን ለጎን አድርገው ያንብቡ፣ የክስ አቀራረብዎ በዚያው ሳምንት ይለወጣል።

አሁን ወደ መመረቂያ ጽሑፉ። ገና ሳልገባ ለምን ስለ መውጫው ያወራልኛል እንዳይሉ፤ ብዙ ቦታ የመግቢያ ማመልከቻው ራሱ የጥናት ሐሳብ ይጠይቃል፤ አመልካች የሚለየውም በእሱ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ሐሳቤን «የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለዓለም ሰላም ያለው ሚና» ብዬ አቀረብኩ። ተመለሰልኝ። ዳር ላይ ሦስት ጥያቄ ተጽፎበት ነበር፦ የትኛው ሰነድ? የትኛው አንቀጽ? የት ቦታ? እነዚያን ሦስት ጥያቄዎች እስከ ዛሬ ለተማሪዎቼ እደግማለሁ።

የእርስዎ ሦስቱም በእጅዎ ናቸው። ሰነዱ በ2009 የወጣውና በ2012 የጸናው፣ ተፈናቃዮችን የሚመለከተው የአፍሪካ ኅብረት የካምፓላ ስምምነት ነው፤ ኢትዮጵያ በ2020 አጽድቃዋለች። አንቀጹ 13 ነው፦ መንግሥታት ተፈናቃዮችን እንዲመዘግቡና መታወቂያ፣ የልደት ምስክር ወረቀትና ሌሎች ሰነዶች እንዲሰጧቸው፣ የጠፋውንም እንዲተኩ ያዛል። ቦታው ደብረ ብርሃን ነው። ሰነዷ የተቃጠለባት እናት ልጇን ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ፣ ባንክ ሒሳብ ለመክፈት፣ ውርስ ለመጠየቅ ምን ይገጥማታል? ግዴታው የፌዴራሉ ነው፣ የክልሉ፣ የዞኑ፣ ወይስ የቀበሌው? አንድ መንግሥት በውስጡ ሥልጣን ስለተከፋፈለ ብቻ ከዓለም አቀፍ ግዴታው ሊያመልጥ አይችልም የሚለው መርሕስ እዚያ መጠለያ ውስጥ እንዴት ይተረጎማል? ይህን አንድ ዓመት ሊያሠራ የሚችል፣ ከአዲስ አበባም ከሄግም ሆኖ እርስዎን ያህል ማንም ሊያጠናው የማይችል ርዕስ አድርጌ አየዋለሁ።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለበት፤ አጥብቄ እናገረዋለሁ። እርስዎ ዐቃቤ ሕግ ነዎት። ተፈናቃይ ፊት ደብተር ይዘው ሲቀመጡ ሰውየው የሚያየው ተመራማሪ ሳይሆን መንግሥትን ሊሆን ይችላል። በሥራ ሰዓት፣ በሥራ መታወቂያ፣ በያዙት መዝገብ ውስጥ ካሉ ሰዎች መረጃ አይሰብስቡ። ከዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ፈቃድ፣ ከመጠለያው አስተዳደር የጽሑፍ ፈቃድ ያግኙ፤ ስም አይመዝግቡ፤ «አልናገርም» ማለት እንደሚችሉና ምንም እንደማይቀርባቸው በራሳቸው ቋንቋ ይንገሯቸው። እነዚህ ሰዎች ብዙ ጊዜ ተጠይቀዋል፤ መልሱ ግን አልመጣላቸውም።

ስለ ቦታው አጭር ልሁን። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዓለም አቀፍ ሕግና በሰብአዊ መብት፣ በፖለቲካ ሳይንስና ዓለም አቀፍ ግንኙነት ትምህርት ክፍሉ፣ በሰላምና ደኅንነት ጥናት ተቋሙም ሁለተኛ ዲግሪ ይሰጣል፤ የዚያን ዓመት ማስታወቂያ እየተከታተሉ የትኛው እንደሚቀበል ያረጋግጡ። የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናው ሕግ አይጠይቅም፤ ቋንቋን፣ ስሌትንና የማመዛዘን ችሎታን ነው የሚፈትነው፤ ሒሳብ ከተዉ ዘመን ስላለፈ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ይስጡት። ከአገር ውጭ ከሆነ የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የሰብአዊ መብቶች ማእከል ለአፍሪካውያን የሕግ ምሩቃን ያዘጋጀው የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ለእርስዎ ዓይነት ሰው የተቆረጠ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት የቺቭኒንግ ነጻ ትምህርት ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ያ አለዎት፤ ከትምህርት በኋላም ሁለት ዓመት ወደ አገር መመለስን ግዴታ ያደርጋል። ሥራዎን ሳይለቁ፣ ክፍያ ሳይከፍሉ ለመማር ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ሕግ የድምፅና ምስል ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ዋና ዋናዎቹ ምሁራን የሰጧቸው ትምህርቶች በነጻ ይገኛሉ።

ፈረንሳይኛ ቢጀምሩ ደስ ይለኛል። ከዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ሁለት የሥራ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ በአፍሪካ ኅብረትም ይሠራበታል፤ እንግሊዝኛ ብቻ ከሚያውቅ ተወዳዳሪም ይለይዎታል። ዲግሪው ብቻውን ግን የኤምባሲ ወንበር አያመጣም። ከዚህ ትምህርት የወጡ ሰዎችን በዩኒቨርሲቲ መምህርነት፣ በፍትሕ ተቋማት፣ በሰብአዊ መብት ኮሚሽን፣ በስደተኞችና በተፈናቃዮች ጉዳይ በሚሠሩ ድርጅቶች፣ ጥቂቶቹንም በውጭ ጉዳይ አገኛቸዋለሁ። ወደ ወረዳቸው የተመለሱም አሉ።

የድጋፍ ደብዳቤውን ነገር ለነገ አያቆዩት። ያስተማሩዎት መምህራን ከአራት ዓመት በኋላ ስምዎን እንጂ ሥራዎን ላያስታውሱ ይችላሉ። ስለዚህ ባዶ እጅዎን አይሂዱ፦ የውጤት ማስረጃዎን፣ ስም የተሸፈነበት አንድ የጻፉትን ክርክር፣ በአንቀጽ 13 ላይ ያዘጋጁትን የሁለት ገጽ ሐሳብ ይያዙ። ያን ሁለት ገጽ ከፈለጉ ለእኔም ይላኩልኝ፤ ዳር ዳሩን ጽፌበት እመልስልዎታለሁ።